ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ የጤና ኤክስቴንሽኗን ገንዘብ ሰብሳቢ አታድርጓት

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ።

የእርስዎንም የወረዳውንም ስም አልጠራም። የሌላ ወረዳ ሰው ይህን አንብቦ «ይሄማ የእኛው ነው» ቢል አይገርመኝም።

ጉዳዬ አጭር ነው። የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የጤና መድህን መዋጮ ማስሰብሰቡን ተዉት። ሥራዋ አይደለም። ዋና ሥራዋንም እያበላሸባት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የታሰበው እርስዎም እንደሚያውቁት ቀላል ነገር ነበር። ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴቶች። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከተቻለ የዚያው አካባቢ ልጆች፣ አንድ ዓመት ሰልጥነው ቤት ለቤት የሚዞሩ። አገሪቱ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ ለመቀነስ የገባችውን ቃል ከቀነ ገደቡ ከ2015 እ.ኤ.አ. ቀድማ የፈጸመችው በእነዚህ ሴቶች እግር ጭምር ነው። እግራቸው ብቻውን ግን ምንም አይሠራም፤ እናቲቱ በሯን ካልከፈተችላቸው መንገዱ ሁሉ ከንቱ ነው።

እኔ የምለው፣ አሁን በሩ እየተዘጋ ነው።

መድህኑን አልቃወምም፣ እኔም አባል ነኝ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ነገር ጥሩ ነገር ነው፤ ገበሬው እህሉ ሲገባ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ሲታመም በሬ ሳይሸጥ ይታከማል፣ መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ይሸፍንለታል። ነገሩ የተበላሸው ማን ይሰብስብ የሚለው ላይ ነው። ወረዳው የሚገመገመው ስንት አባወራ አስመዘገበ ተብሎ ነው፣ ኮታው ወደ ቀበሌ ይወርዳል፣ ቀበሌው ደግሞ ዞር ብሎ ሲያይ በየቤቱ የምትታወቅ፣ ታዝዛ እምቢ የማትል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። እሷን።

ከዚያስ? ሰውየው ይከፍላል። ልጁ ሲታመምበት ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርዱ አያስከፍልም፣ ምርመራውም አያስከፍልም፣ መድኃኒቱ መስኮት ጋ ሲደርስ ግን «የለም፣ ውጭ ግዙ» ይባላል። ምናልባት ጤና ጣቢያው ያከመበት ሒሳብ በጊዜ አልተከፈለውም፣ ምናልባት መድኃኒቱ ከአቅራቢው አልመጣም። ገበሬው ይህን የማወቅ ግዴታ የለበትም። እሱ የሚያውቀው ብሩን ከእጁ የተቀበለችውን ልጅ ነው። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት በሩን ሳይከፍቱ «ብሬን መልሺና ነይ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመጣችው ለገንዘብ አልነበረም። የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ዘጠኝ ወር ሞልቷት የኩፍኝ ክትባት ደርሶባት ነበር። ልጅቷ በዚያ ዙር ሳትከተብ ቀረች፤ በጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ «የእናቶች የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይጻፋል መሰለኝ። ሴትዮዋ ግንዛቤ አላነሳቸውም። ተናደው ነው።

ሌላው የጤና ኬላው ነገር ነው። ምዝገባው ሲመጣ ቁልፉ ይንጠለጠላል። በእርግጥ ለመዋጮው ብቻ አይደለም፤ ስብሰባ ቀስቅሺ፣ ተፋሰስ ሥራ ላይ ስም ጥሪ፣ ሪፖርት አምጪ እየተባለች ስትራወጥ የምትውለው እሷው ናት። ከሁለቱ አንዷ ወሊድ ወይም ሥልጠና ከሄደች በቃ፣ ኬላው ሰው የለውም። እኛ ያለነው ቆላ ነው። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባው ይነሳል፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የመዋጮው ሩጫ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ መመዝገቡን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅ ትኩሳት በያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጣቱ ተወግቶ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ከጀመረ ይድናል። ካልጀመረ ወደ አንጎሉ ይወጣና ቃሬዛ ይፈለጋል፣ ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ የአምቡላንስ ነዳጅ። ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ የሚሰጥ ነው። የጠፋው በሩን የሚከፍት ሰው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ገበሬው ማረሻውን የሚያስቀምጠው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስና በገበያ ቀን ነው። ልጁን አዝሎ ለመምጣት የሚመቸው ያኔ ነው። እናንተ ደግሞ ሰው እናገኛለን ብላችሁ ስብሰባውን ሁሉ በእነዚሁ ቀናት ትጠሩና እሷን ቀስቃሽ ታደርጓታላችሁ! በእነዚያ ቀናት ኬላው ክፍት ይሁን፣ ዕረፍቷን ሌላ ቀን ስጧት። ብር አይጠይቅም።

ስለ ቤቷ ብዙ አልልም። ቀበሌው ውስጥ የምታድርበት ቤት ቢሠራላት ማታ ምጥ የያዛት ሴት ትደርስባት ነበር፤ ይህን ሕዝቡ ራሱ እንጨትና ጉልበት አዋጥቶ ሊሠራው ይችላል፣ ቆርቆሮውን ወረዳው ከቻለ።

ገንዘቡን የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በደረሰኝ ይሰብስብ። እሷ ስለ መድህኑ ታስተምር፣ ብር ግን በእጇ አይለፍ። «እሷ ካልሰበሰበች አባል ይቀንሳል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ከአንድ የጽሕፈት ቤታችሁ ሠራተኛም ሰምቼዋለሁ። ይቀንስ ይሆናል። ቢቀንስ ሰው ሲከፍል የነበረው እሷን አፍሮ እንጂ መድህኑን አምኖ አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚስተካከለው የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ነው፤ ለዚያም ማዘዣው ያለው እርስዎና የወረዳው ፋይናንስ ጋ ነው። ጤና ጣቢያው ያከመበት ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ሳይንጠባጠብ ይከፈለው። የተከፈለውንና የቀረውን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፣ ሰው ያንብበው።

የዘንድሮው ምዝገባ ሳይጀመር መልስ እፈልጋለሁ። ደብዳቤም ባይሆን፣ ማን እንደሚሰበስብ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወቂያ በጤና ኬላው በር ላይ ቢለጠፍ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀበሌው ነዋሪና የመድህን አባል