የምስጋና መልእክት፦ ጋሼ፣ አለፍኩ!

የመጀመሪያውን ፈተናዬን ጉድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልመለስበትም። አሁን ግን በወግ በማዕረግ ሰርተፊኬት ያለኝ ፋርማሲ ቴክኒሻን ነኝ። የፒቲሲቢ፣ ማለትም ለፋርማሲ ቴክኒሻኖች ሰርተፊኬት የሚሰጠው የአሜሪካ ቦርድ፣ የፈተናው ማለፊያ ነጥብ 1400 ነው። ስንት አመጣሽ አትበሉኝ፤ አልፌያለሁ።

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ጋሼ። ስሜን እንዳትጠሪ ብለውኛል፤ አልጠራም። እዚሁ አሜሪካ በፋርማሲስትነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማረፍ ሲገባቸው እኔ ከማታ ፈረቃ እስክወጣ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ስልኩን ሲያነሱ ሰላምታ የለም።

«ስሙ በ‹ፕሪል› የሚያልቅ መድኃኒት ለምንድን ነው?»

«የደም ግፊት፣ ጋሼ።»

«በ‹ስታቲን›?»

«ኮሌስትሮል።»

«ጎሽ። እንዴት አመሸሽ?»

ጋሼ፣ የሂሳቡን ሌሊት እንዴት እረሳለሁ? ባለ 70 በመቶና ባለ 20 በመቶ ፈሳሽ ቀላቅለሽ 50 በመቶ አውጪ ይላል። እኔ አለቅሳለሁ። «ከ50 ላይ 20 ቀንሺ፤ ከ70 ላይ ደግሞ 50» አሉኝ። 30 እና 20 መጣ። ከወፍራሙ 3 እጅ፣ ከቀጭኑ 2 እጅ። በቃ! ስንት ወር ያስለቀሰኝ ይኸው ነበር።

ሃይድሮክሲዚንን ከሃይድራላዚን ያምታታሁ ዕለት ግን ተቆጡ። አንዱ ማሳከክ ያስታግሳል፣ ሌላው የደም ግፊት ያወርዳል። «ፈተናውን ብትወድቂ ትደግሚዋለሽ፤ በሽተኛውንስ?» አሉኝ። አኩርፌ ስልኩን ዘጋሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ዛሬ መደርደሪያው ፊት ቆሜ የመድኃኒቱን ስም ሁለቴ የማነበው ያ ቁጣዎ ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው።

እንባዬ አላስጽፍ አለኝ፤ ቅደም ተከተሉ ቢምታታ እለፉኝ። ፈተናው 90 ጥያቄ ነው፣ ጊዜው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። 10ሩ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርም። ጋሼ ደግሞ «ያስጨነቀሽን ሁሉ ‹ይኼ ከማይቆጠሩት ነው› በይ፣ ገምተሽ እለፊ» ብለውኝ ነበር። ከ10 በላይ ሳልላቸው አልቀርም።

ባለቤቴ፣ የፍሪጁ በር በመድኃኒት ስም ተለጥፎ ስንት ወር ሲከርም አንድ ቀን አላማረርክም። ተባረክልኝ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ልጆቼን የያዛችሁልኝ እህቶቼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ውለታችሁ አልጠፋኝም።

ጋሼ፣ ሰርተፊኬቱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል፤ ለዚያም የ20 ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል። ስልክዎን እንዳያጠፉብኝ።