ሥራ ሳልይዝ ላመናችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ እስከዚህ ላደረሰኝ ፈጣሪ ምስጋና አቀርባለሁ። የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ በሒሳብ ክፍል ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ። የቅጥር ደብዳቤው እጄ ከገባ ጀምሮ ስልኬ በ“እንኳን ደስ አለሽ” ተሞልቷል። ለየአንዳንዳችሁ መልስ ብሰጥም ልቤ አልረካም። ከተመረቅኩ በኋላ በነበረው ረጅም የሥራ ፍለጋ ጊዜ ደግፋችሁ ያቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ምን እንዳደረጋችሁልኝ በትክክል እንድታውቁት ስለፈለግኩ ይህን በአደባባይ እጽፋለሁ። ብዙዎቻችሁ ቀላል ነገር መስሏችሁ ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ ግን አንዱንም አልረሳሁም።

እማዬ፣ ከቤት ወጥቼ ስመለስ አንድም ቀን “ዛሬስ ምን አሉሽ?” ብለሽ በር ላይ አልጠበቅሽኝም። ፊቴን አይተሽ ታውቂው ነበር። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅሽም “ልጄ ሥራ የላትም” ብለሽ አታውቂም። “ልጄ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ቦታ እየፈለገች ነው” ትይ ነበር። ከውስጥ ሆኜ እሰማሽ ነበር። እኔ ራሴን በዚያ ስም መጥራት ባቃተኝ ወቅት አንቺ ስሙን ጠብቀሽ አቆየሽልኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ አንተም በየማለዳው “ተነሽ፣ ልበሽ” እያልክ ትቀሰቅሰኝ ነበር፤ የምሄድበት ባልነበረኝ ቀን ሳይቀር። ያኔ ቢያናድደኝም ምን ያህል እንደጠቀመኝ በኋላ ገብቶኛል።

የገባኝ በዚያ ወቅት እሄድበት የነበረው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንዳነብ በሰጡኝ አንድ ጽሑፍ ነው። በኦስትሪያ ማሪየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ ከሞላ ጎደል ሥራ አጥ ሆነ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች የነዋሪውን ኑሮ በቅርብ ተከታትለው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ሰው ሁሉ ጊዜ ተርፎት ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ቀንሶ ተገኘ። የወንዶቹ እርምጃ እንኳ ዘግይቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት ደጋግመው ይቆማሉ። ያሆዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለሰው ምን እንደሚሰጥ ስትጽፍ ቀኑን መልክ እንደሚያስይዝ፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር እንደሚያገናኝ፣ የጋራ ዓላማና በኅብረተሰቡ ውስጥ ቦታ እንደሚሰጥ፣ ሰውንም ከመቀመጥ እንደሚያወጣ አስረድታለች።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። “የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናችሁ” የሚል ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናል! ሥራ ያጣ ወጣት የሚያጣው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በተቻለ። ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ይጠፋዋል፤ “ምን ትሠራለህ?” ሲባል የሚመልሰው ይጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጉልበቱ ራሱ ይከዳዋል። ወንድሜ በየማለዳው ሲቀሰቅሰኝ ቀኔን መልክ እያስያዘልኝ ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ እርስዎን እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው “ሒሳብ ተምረሻል አይደል? የተዋሱና ያልተመለሱ መጻሕፍት ዝርዝር ተምታቶብኛል” ብለው መዝገቡን ፊቴ አስቀመጡት። በኤክሴል አደራጅቼ የቀን ገደቡ ያለፈበትን ሁሉ ለይቼ አስረከብኩዎ። እርስዎም ተቀብለው ተጠቀሙበት። ያን ዕለት ማታ እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ! ብዙ የማነቃቂያ ንግግር ሰምቼ ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭቤ ወጥቼ፣ ቤት ስደርስ ግን ስሜቱ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ሥራ “እችላለሁ” የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲያስረዳ አራት ምንጮችን ይጠቅሳል፤ ራስ ሠርቶ ማሳካት፣ እንደ እኛ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም የራስ የአካልና የስሜት ሁኔታ። ከሁሉም የሚጠነክረው የመጀመሪያው ነው ይላል። እርስዎ ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። “ትችያለሽ” ከማለት ፈንታ ሥራ ሰጡኝ።

ወጣቶችን መርዳት ለምትፈልጉ ታላላቆቻችን ሁሉ በዚህ አጋጣሚ አንድ ልመና አለኝ። ምክራችሁ መልካም ነው፣ አንጠላውም። ነገር ግን ከምክሩ ጋር እውነተኛ ሥራ ስጡን። ትንሽ ይሁን፤ ብቻ ውጤቱን በእርግጥ የምትፈልጉት ይሁን።

ጋሼ፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያው፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ገቢና ወጪዎን በሦስት የተለያዩ ደብተሮች ላይ ሲጽፉ አይቼ ላደራጅልዎ ብዬ ስጠይቅዎ ሳያመነቱ ሰጡኝ። ተረስተው የቀሩ የዱቤ ሒሳቦችን ከደብተሮቹ ውስጥ ሳወጣልዎ እንደ ልጅ ተደሰቱ። ክፍያ ሲሰጡኝ “ለልምድ ብዬ ነው የሠራሁት፣ አያስፈልግም” አልኩዎ። ተቆጡኝ። “እኔ በር ሠርቼ በነጻ እሰጣለሁ እንዴ? ያንቺስ ሥራ ከእኔ በምን ያንሳል?” አሉኝ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ሆኖም በትምህርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዬ ስናገር ድምፄ ተለወጠ፤ እማዬም ይህን አስተውላለች።

ስምዎን የማላውቀው አንድ ጠያቂም አሉ። ቃለ መጠይቁን አላለፍኩም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ስደውል ስልኩን በጆሮዬ ላይ ሳይዘጉ “መልስሽ ጥሩ ነበር፤ ግን ሲቪሽ ምን እንደተማርሽ እንጂ ምን እንደሠራሽ አይናገርም” አሉኝ። ያን ዕለት ማታ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብና የጋሼን ደብተሮች፣ ምን እንዳገኘሁባቸውና እንዴት እንዳስተካከልኳቸው ጨምሬ፣ ሲቪዬን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ባይቀጥሩኝም ለሥራዬ ካበቁኝ ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። ለአመልካች “አልተመረጥሽም” ከማለት አልፎ ምክንያቱን መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥቅሙ ግን ለዓመታት ይዘልቃል። መልስ ጭራሽ የማይሰጡ ቀጣሪዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ለጀማሪ በሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የዓመታት ልምድ የሚጠይቁም እንዲሁ። ልምዱን ከየት እናምጣው?

አሁን የተቀጠርኩበትን የሥራ ማስታወቂያ የላክሽልኝ የድሮ የክፍሌ ልጅ፣ ተማሪ ሳለን ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበረንም። ድንገት መንገድ ላይ ተገናኝተን ምን እየሠራሽ ነው ስትይኝ የሆነውን በሙሉ ነገርኩሽ። አንቺም ሳትረሺ በሳምንቱ ላክሽልኝ። የቅርብ ጓደኞቼ ሁሉ ይፈልጉልኝ ነበር፤ ግን እኔ የማየውን ማስታወቂያ ነበር የሚያዩት፣ የማውቃቸውን ሰዎች ነበር የሚያውቁት። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በሰው በኩል አዲስ ሥራ ካገኙት መካከል፣ ወሬውን የነገራቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩ 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊንክዲን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ይዞ የወጣ ጥናትም ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ራቅ ያለ ትውውቅ ለሥራ ለውጥ እንደሚረዳ አረጋግጧል።

እንግዲህ አሁንም በፍለጋ ላይ ላላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ከዚህ የማካፍላችሁ ነገር አለ። ሥራ ሲጠፋ ሰው ይሸሻል። ሠርግ አይሄድም፣ የክፍል ጓደኞቹን ሲያይ መንገድ ይለውጣል። ስሜቱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን የሥራውን ወሬ የያዙት የምንሸሻቸው ሰዎች ናቸው። “ሥራ እየፈለግኩ ነው፣ ይህንንና ይህንን መሥራት እችላለሁ” ማለት ልመና አይደለም። የምትችሉትን ስትናገሩ አንድ የሠራችሁትን ነገር ጨምሩበት፤ ሰሚው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ደግሞም “ሥራ አስገባሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል” ለሚል ሰው አትክፈሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው 181ኛው ስምምነት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል እንደሌለባቸው ይደነግጋል። ተስፋ የቆረጠን ወጣት ኪስ የሚያራቁቱ ሰዎች የሚነግዱት ራሳችንን ዝቅ አድርገን በማየታችን ነው፤ “እኔን በገንዘብ ካልሆነ ማን ይቀጥረኛል?” ብለን እንድናምን ይፈልጋሉ። እንዳታምኗቸው።

የአሁኑ የሥራ ክፍሌ ባልደረቦች፣ አንድን ነገር ደጋግሜ ስጠይቃችሁ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ስላስረዳችሁኝ አመሰግናችኋለሁ። አለቃዬ፣ የመጀመሪያውን ወር የሒሳብ ማጠቃለያ ብቻዬን እንድሠራው ትተውልኝ ከጎን ሆነው ስለጠበቁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አስፈቅጄ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱን ጠረጴዛ ተረክቤአለሁ። ሲቪያችሁንና የምታመለክቱበትን ማስታወቂያ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን። ሒሳብ የተማራችሁ ካላችሁ ደግሞ መዝገባቸው እንዲደራጅላቸው የሚፈልጉ ሁለት የጋሼ ጓደኞች አሉ፤ ክፍያውንም አስቀድሜ ተነጋግሬላችኋለሁ።