ወንዱስ የት ገባ?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቫይታሚን ያዥ ፕሮቲኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬን ይዤ ጀመርኩት። ቡናው በረደ። «በሴቷ የመራቢያ ፈሳሾች ውስጥ ብቻ ይገኛሉ» ብላችኋል። የተጣላሁት ከዚህች «ብቻ» ከምትባል ባለ ሁለት ፊደል ቃል ጋር ነው።

የእንሽርት ውሃውን ጠቅሳችኋል፤ ልክ ነው። ግን ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን (ቢ9) ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ፕሮቲን በወንድ የዘር ፈሳሽም ውስጥ አለ። ቢ12ን የሚይዙም አሉ። ደግሞ ትናንት የተደረሰበት ነገር አይደለም፤ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከሚገመቱት ሥራዎቻቸው አንዱ ቫይታሚኑን ባክቴሪያ እንዳይሻማው መያዝ ነው። እናንተ ጋ ግን ወንዱ ፈሳሽም የለው፣ ፕሮቲንም የለው። ፎቶው ላይ እንኳ አንገቷን የደፋች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች።

ይሄ ሰውዬ ምን አንገበገበው ትሉ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ልጅ ስንጠብቅ ስድስት ዓመት ሆነን። እናቴ ፀበል ወሰደቻት። ክሊኒክ ሄድን፤ ደሟ ተቀዳ፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ገብቶ ራጅ ተነሳች። ራጁ በጣም ያማል አለችኝ። እኔ ኮሪደር ላይ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። «አንተስ?» ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በአራተኛው ዓመት አንዲት ነርስ ስሜ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝ። የግማሽ ቀን ጉዳይ ነበር። ችግሩ እኔ ጋ ተገኘ።

ከዚያ ደግሞ በሌላ በኩል ተበላሁ። «የወንድ ቫይታሚን ነው» ተብዬ ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሸጠው ፎሌት) እና ዚንክ ለወራት ገዛሁ። ስለዚህ ስታርሙ አደራ፣ ፕሮቲኑ ወንድ ላይም አለ ማለት ክኒን ይዋጥ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት 2,370 ጥንዶችን ይዞ ነበር። ከወንዶቹ ግማሾቹ ለስድስት ወር በየቀኑ 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድና 30 ሚሊግራም ዚንክ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ባዶ ክኒን። የዘራቸው ጥራት አልተሻሻለም፣ የሚወለድ ልጅም አልበዛም። ለሴቷ የጻፋችሁት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ግን ትክክል ነው። ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት ማለታችሁም እንዲሁ፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የጽንሱ የነርቭ ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋልና ብዙዎቹ ማርገዛቸውን ሳያውቁ ጊዜው ያልፋል። እሱን አትንኩት።

«ብቻ»ን ግን አውጡልኝ። ፎቶውንም ቀይሩት። ያቺን የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ወንድ ካጣችሁ እኔ አለሁላችሁ። ፊቴን ብቻ ሸፍኑልኝ፤ እናቴ ታነባችኋለች።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ