ድምፅ የሚስተካከለው ከመቀዳቱ በፊት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ድምፅ ቀረጻ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ወደ ማይክሮፎን ዓይነትና ወደ ማስተካከያ ሶፍትዌር ማዘንበሉ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የቀረጻውን ጥራት አስቀድመው የሚወስኑት ክፍሉና ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ያለው ርቀት ናቸው። ገላጣ በሆነ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ግን ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ማይክሮፎኑ በራቀ ቁጥር ንግግሩ በክፍሉ አስተጋብዖት ይዋጣል። ከንግግሩ ጋር አብሮ የተቀዳን አስተጋብዖት በኋላ ለይቶ ማውጣት እጅግ አዳጋች ሲሆን፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት ግን ምንም ወጪ አይጠይቅም። (እጅግ ከተጠጋ አብዛኞቹ ባለአንድ አቅጣጫ ማይክሮፎኖች ወፍራሙን ድምፅ ያጎላሉና ልኩን በጆሮ መፈተን ያስፈልጋል።)

ድምፁ የሚቀዳበት መጠንም ቸል ይባላል። በተለመደው ዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው፣ ማለትም ሊቀዳ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ 0 ዴሲቤል ተብሎ ይሰየማል፤ ከዚያ የሚያልፈው የሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውንም በትክክል የሚመልስ ዘዴ የለም። በ24 ቢት (እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና በ24 ሁለትዮሽ አሃዞች ተመዝግቦ) ሲቀዳ በንድፈ ሐሳብ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 144 ዴሲቤል ያህል ስፋት ስለሚገኝ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ከጣሪያው 10 ወይም 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ መቅዳት ጥራቱን አይጎዳም። ብዙዎች ግን ድምፁ ጣሪያውን መንካቱን የሚያስጠነቅቀው ቀይ መብራት እስኪበራ ድረስ መጠኑን ይጨምራሉ።

ጋዜጣዎ ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች በሚያወጣቸው ጽሑፎች አጠገብ ለእነዚህ መሠረታዊ ጉዳዮችም ቋሚ ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ