የልጆቻችንን የተማሪ አካውንት እንተውላቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ነሐሴ ላይ የኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ውጤት ሲወጣ እዚህ ለንደን ያለው የሐበሻ ቤት ሁሉ እልልታ ነው። ከእልልታው ቀጥሎ ስለሚመጣው የወረቀት ሥራ ግን ብዙ አይወራም። ልጆቹ የመኖሪያ ብድር (መንግሥት ለተማሪ የኑሮ ወጪ የሚያበድረውን) ያመለክታሉ፣ ዶርም ይይዛሉ፣ የተማሪ አካውንት ይከፍታሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚሁ አካውንት፣ በተለይም አብሮት ስለሚመጣው ኦቨርድራፍት ነው። የምጽፈውም ለልጆቹ ሳይሆን ለወላጆቻቸው ነው።

ለማያውቀው ሰው ያህል፣ የእንግሊዝ ባንኮች ዩኒቨርሲቲ ለገባና 18 ዓመት ለሞላው ልጅ ልዩ አካውንት ይከፍቱለታል። ሂሳቡ ዜሮ ከገባ በኋላም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ያለ ወለድ ማውጣት ይችላል፤ ኦቨርድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ጣሪያው እንደየባንኩ ነው፤ አንዱ ጋ በመጀመሪያው ዓመት 1,000 ፓውንድ፣ ሌላው ጋ 1,500፣ በሦስተኛው ዓመት እስከ 3,000 የሚያደርሱም አሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ነው፤ ለልጁ ስንት እንደሚፈቀድለት ግን ባንኩ የብድር ታሪኩን አይቶ ይወስናል። ባንኮቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለጽድቅ አይደለም። በ18 ዓመቱ የያዙት ደንበኛ በ40ውም አይለቃቸውም ብለው ነው።

በአግባቡ ለያዘው ግን ጥሩ ነገር ነው። የመንግሥቱ የመኖሪያ ብድር በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየተርሙ (በየትምህርት ወቅቱ) መጀመሪያ ይገባል፤ አብዛኛውን ኪራይ ይወስደዋል። ኅዳር ላይ ኪሱ የነጠፈ ልጅ የሚቀጥለው ክፍያ እስኪገባ ማይነስ ውስጥ ቢቆይ ምንም ማለት አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበራችን ቢሮ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወገኖች ደብዳቤ አነባለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለልጃቸው የመጣ የባንክ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ልጁ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ደብዳቤው አጭር ነው፦ አካውንትህን እንዘጋለን፣ ያለብህን 1,400 ፓውንድ ክፈል።

«ምን አድርገህበት ነው?» አልኩት። እሱ ዝም አለ፤ የመለሱት እናቱ ናቸው። «እሱ ምን አደረገ፣ ዕቁቤን የጣልኩበት እኔ ነኝ።»

ሥራ ሲቀንስባቸው ወለድ የሌለው ገንዘብ ልጃቸው እጅ እንዳለ ያውቃሉ፤ ጠየቁት፣ አወጣላቸው። ዕቁቡ ሲደርሰኝ እመልስልሃለሁ ብለውት ነበር። ሲደርሳቸው ግን አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው ሆስፒታል ገባና ገንዘቡ ወደዚያው ሄደ። ማን ይፈርድባቸዋል?

አካውንቱ የሚዘጋው ግን በዕቁቡ ምክንያት አልነበረም። ወደ አገር ቤት ገንዘብ በእጅ የሚልክ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ልጁን «ሰዎች አንተ ጋ ያስገባሉ፣ አንተ ለእኔ ታስተላልፋለህ» ብሎታል። የእናቱን ወዳጅ እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። ከማያውቃቸው ሰዎች 300 ይገባል፣ 500 ይገባል፣ በማግስቱ ይወጣል፤ ብሩ አዲስ አበባ ላይ ለባለቤቱ ይከፈላል። እኛ ይህን መተጋገዝ እንለዋለን። ባንኩ የሚያየው ግን ቋሚ ገቢ በሌለው የ19 ዓመት ልጅ አካውንት ላይ ምንጩ የማይታወቅ ገንዘብ ሲመላለስ ነው፤ ወንጀለኞችም ተማሪዎችን የሚጠቀሙት በዚሁ መንገድ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የገንዘብ ማጠብ ወንጀል እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። እስር ቤት ባይደርስ እንኳ፣ ሲፋስ በሚባለው የማጭበርበር መዝገብ ላይ የተጻፈበት ስም እስከ ስድስት ዓመት አይፋቅም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ባንክ መግባት፣ የስልክ ኮንትራት ማግኘት፣ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) መጠየቅ ሁሉ መከራ ነው።

በዚህ ልጅ ላይ ወዲያው የወደቀበት ችግር ደግሞ ማናችንም ያላሰብነው ነበር። የመኖሪያ ብድሩ የሚገባው በራሱ ስም በተከፈተ አካውንት ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ተርም ገንዘብ መግቢያ አጣ። ዕዳውን በየወሩ እንዲከፍል ከባንኩ ጋር ተጻጽፈን ተስማማን፤ ሌላ አካውንት እስኪያገኝ ድረስ ግን ኪራዩን የከፈለችለት አክስቱ ናት። የሐዋላው ሰውዬ ስልክ አላነሳም።

ብዙ ወላጆች «የተማሪ ብድር አይደል? ሥራ ካልያዘ አይከፍልም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ለመንግሥቱ ብድር እውነት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መኸር ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ መማር የጀመረ ልጅ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ሲያገኝ፣ ከትርፉ ላይ 9 በመቶ ይከፍላል፤ ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዝለታል፤ የብድር ታሪኩ ላይም አይወጣም። ኦቨርድራፍት እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። ባንኩ በፈለገ ጊዜ አምጣ ማለት ይችላል፤ የብድር ታሪክ ላይም ቁጭ ይላል። ልጁ ሲመረቅ ወለድ የሌለው ጣሪያ በየዓመቱ እየወረደ ይሄዳል፣ ከዚያ ወለዱ ይጀምራል። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የቀን ቅጣቶችን አስቀርቶ አንድ የዓመት ወለድ ብቻ ይሁን ሲል፣ ትልልቆቹ ባንኮች ወለዱን 40 በመቶ አካባቢ አደረሱት። በዚህ ሂሳብ 1,500 ፓውንድ ማይነስ ላይ የተቀመጠ ሰው በወር ከ40 ፓውንድ በላይ ለወለድ ብቻ ይገፈግፋል።

ስለ ወለድ ካነሳሁ፣ ወለድን በሃይማኖታቸው ምክንያት ሸሽተው የመንግሥቱን ብድር የማይወስዱ ሙስሊም ወገኖቻችን አሉ። ለእነሱ የሚሆን አማራጭ ለማቅረብ የሚያስችል ሕግ በ2017 እ.ኤ.አ. ቢወጣም ነገሩ ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። ዜሮ ወለዱ ኦቨርድራፍት ለእነዚህ ልጆች መውጫ መስሎ ይታያቸዋል፤ ስለዚህ ወለዱ የሚጀምርበትን ቀን ሲፈርሙ ጠይቀው ይያዙ።

የዕቁብ ዳኞችም፣ አባሉ የሚጥለው ከልጁ ኦቨርድራፍት መሆኑን ካወቃችሁ ዙሩን ብታሳልፉለት ይሻላል። ገንዘብ የምትልኩ ወገኖችም የራሳችሁን ስም ተጠቀሙ። ዝግጅት ክፍሉን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፦ የየባንኩን የዘንድሮ ጣሪያ፣ ከምረቃ በኋላ በየዓመቱ ስንት እንደሚቀንስና ወለዱ መቼ እንደሚጀምር በአማርኛ በሠንጠረዥ ብታወጡልን፣ አትሜ የቢሮው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንድ አንባቢ
ከሰሜን ለንደን