ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሰናበተው መቼ ነው? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ፓርቲ አይደለም። ስለ ወንበሩ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዴት እንደሚሾም ሕገ መንግሥታችን ይነግረናል። አንቀጽ 73 ላይ ግልጽ ነው፤ ከእናንተው መካከል ይመረጣል፣ መንግሥት የሚመሠርተውም አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። ስንት ዘመን ቆይቶ እንደሚሰናበት ስንፈልግ ግን መልሱ ይጠፋብናል።

ታሪካችንን እዩት። ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ10 ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ የካቲት 1966 ለቀቁ። የተኳቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን የቆዩት ጥቂት ወራት ነው። ሁለቱም ኅዳር 14 ቀን 1967 በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ተስፋዬ ዲንቃ በተሾሙ በወር ገደማ አገዛዙ ራሱ ፈረሰ። መለስ ዜናዊ 17 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ።

ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቂያ አስገቡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በእኔ እምነት በቅጡ አልተመሰገኑበትም። ግን እሳቸውም የለቀቁት አገር በተቃውሞ ስትናጥ ነው። በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተተኪያቸው ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ፣ መጋቢት 24፣ ወር ከምናምን ሙሉ ሕዝቡ ማን ይመጣ ይሆን እያለ ጠበቀ። በምርጫ ተሸንፎ ወንበሩን ለአሸናፊው ያስረከበ ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ ዛሬ የለንም።

የ2004ን ክረምትም አስታውሱት። መለስ ከዓይን ጠፉ። ታመዋል ተባለ፣ ቀጥሎ በማገገም ላይ ናቸው ተባለ። በየቤቱ ወሬ ብቻ ነበር። ነሐሴ 14 ብራስልስ ውስጥ ማረፋቸውን የሰማነው በማግሥቱ ነው። ምክትሉ ቀጥታ ይተካሉ ወይስ ተጠባባቂ ናቸው? ይህም ያከራክር ነበር። አንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶ እንደሚሠራ ይናገራል። ሲሞትስ? ለስንት ቀን? ኃይለማርያም ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ነው። ነገሩ በሰላም አለፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ ይከነክነኛል። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸው በአብዛኛው የሥነ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም አንቀጽ 70 ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይፈቅድላቸውም። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ የሆነው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን፣ በአንቀጽ 72 መሠረት ዘመኑ የምክር ቤቱ ዘመን ነው ይባልና ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል ገደብ የለውም። ገደቡ የሚያስፈልገው ለማን ነበር?

በፓርላማ ሥርዓት ገደብ የተለመደ አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እንግሊዝም ሕንድም የላቸውም። እንግሊዝ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ማርጋሬት ታቸርን ከሥልጣን ያወረዷቸው የገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው። የእኛ ምክር ቤት በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተይዘው ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ "ይብቃዎት" ብሎ የሚነሳ አባል ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ገደቡ በሕግ እንዲጻፍ የምፈልገው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በ2010 ሥልጣን እንደያዙ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን በሁለት ዙር እንዲገደብ ፍላጎታቸውን ተናግረው ነበር። ያኔ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ሕገ መንግሥቱ ላይ ግን እስካሁን አልገባም።

ማሻሻያው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቀው፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊቀበሉት ይገባል። ሐሳቡን ለውይይት ለማቅረብ ግን አንቀጽ 104 የእናንተን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻውን ይበቃል ይላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን ከሁለት የሥራ ዘመን እንዳይበልጥ፣ እንዲሁም ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲለቅ ማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተካው በግልጽ ይጻፍ። በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ አጀንዳ ይያዝልን፣ ውይይቱም በቀጥታ ስርጭት ይተላለፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ