የመውጫ ፈተና ውጤትን አብረን እንጠብቅ

ውድ የሕግ ባቾቼ፣ ውጤቱ እስኪለቀቅ በየቤታችን ከምንጨነቅ ጅማ ያለን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ፣ የምናጠናበት ካፌ እንገናኝ።

ትናንት ማታ አንድ ጓደኛችን ቤት ነበርኩ። እራቱ ቀርቦለት ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እንጀራው ደረቀ። እናቱ ምንም ሳይናገሩ ሰሃኑን አነሱ። አምስት ዓመት የተለፋበት ነገር ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ብቻውን ባይሆን ግን ይሻላል።

የተፈታኝ መለያችሁንና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ያዙ። ፓወር ባንክ ያለው ያምጣ፣ መብራት አይታመንም። በቴሌግራም «ውጤት ቀድመን እናሳያለን» ለሚሉ የይለፍ ቃላችሁን እንዳትሰጡ፣ አደራ! የማንም ውጤት ሳይፈቅድ እዚህ አይለጠፍ።

ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያልሞላለትም ድጋሚ መፈተን ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ የምንወስነው፣ ያለፍነው ድጋሚ የሚፈተኑትን በሳምንት ስንት ቀን እንደምናስጠና ነው። ካለፍኩ የወንጀል ሕግንና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትን እኔ እይዛለሁ፤ ካላለፍኩም ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ አጠናለሁ።

እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ወይም «አልችልም» ብላችሁ መልሱልኝ። ከጅማ ውጭ ያላችሁ የሚመቻችሁን ሰዓት ጻፉልኝ፣ እንደውላለን።